የሊሙ ኩሬ ውሃና አንድ ቁራጭ አጥንት

ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ በዕጣ ጅማ ስመደብ «ዝናቡ አያስቸግርሽም?» እያሉ ያዘኑልኝ ብዙ ነበሩ። ዝናቡስ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ የሌለ ነገር አምጪ መባል ነው። ኬሚካል የለም። ስላይዱ ከመታጠብ ብዛት ደብዝዟል። የማይክሮስኮፑ አምፖል ሲቃጠል ሌላ እስኪመጣ መስኮት ሥር ተጠግተን በፀሐይ እንሠራለን፤ ጅማ ደግሞ ፀሐይ ስትፈልጋት አትገኝም። ውጤት ግን ሁሉም በሰዓቱ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሐኪሙ በጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ ይዞ ሲገባ ምን እንደያዘ ሳላውቅ ነው የመረረኝ።

የሐኪሙ ሥራ ቀዶ ጥገና ነው። አስከሬን የሚመረምር ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን ፖሊስ የሚያመጣውን ሁሉ እሱ ያይ ነበር። ምሥራቅ አውሮፓ ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ስለነበር አንተ አንቺ እንባባላለን።

«ይህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አለ።

«ምንድን ነው?»

«የጭን አጥንት ቁራጭ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ነገሩን አወራኝ። ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ለማጠቢያ የሚሆነው ውሃ በሚጠራቀምበት ኩሬ ውስጥ አንድ ወጣት ሞቶ ተገኝቷል። በዋዜማው ከእህቱ ባል ጋር በድንበር ላይ ባለ ቡና ተጣልተው ሰው ነው የገላገላቸው። የጣቢያው ዘበኛ ደግሞ ለፖሊስ «አማቹ ሬሳውን ተሸክሞ ወደ ኩሬው ሲሄድ ማታ አይቻለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አማችየው ታስሮ ጅማ መጥቷል። አስከሬኑ ውሃ ውስጥ አድሮ ጅማም ዘግይቶ ስለደረሰ ከሳንባው ብዙ ነገር ማንበብ አልተቻለም፤ ቁስልም የለበትም። ሐኪሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይህችን ቁራጭ አስቀርቶ ሬሳው ለቤተሰቡ ተሰጠ።

«እና አጥንቱ ምን ይነግርሃል?»

«ኩሬ ዳር ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠውን አረንጓዴ ነገር ታውቂያለሽ። አልጌ ነው። ከዘሮቹ መካከል በዓይን የማይታዩ፣ ገላቸው በመስታወት ቅርፊት የተሸፈነ አሉ፤ ዳያተም ይባላሉ። ሰው በሕይወቱ ሲሰጥም ውሃውን ወደ ሳንባው ይስባል። አልጌዎቹ ከሳንባው ወደ ደሙ ያልፋሉ፤ ልብ እየገፋ እስከ አጥንቱ መቅኔ ድረስ ያደርሳቸዋል። ሞቶ የተጣለ ሰው ግን ልቡ ቆሟል። ውሃ ሳንባው ውስጥ ቢገባ እንኳ ወደ አጥንቱ የሚወስደው የለም።»

«በምን እናያቸዋለን?»

«መቅኔውን በናይትሪክ አሲድ እናፈላዋለን። ስቡም ሥጋውም ይጠፋል። መስታወቱ አይጠፋም።»

ነገሩ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ወዲያው ግን አሲድ እንደሌለን ትዝ አለኝ። ስነግረው «ፈልጊ» አለኝና ወጣ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አሲዱ አንድ ጠርሙስ እንዳለ አመነ። ለማውጣት ግን የሚፈርመው ሰው ለሴሚናር አዲስ አበባ ሄዷል። መቼ ይመለሳል ስለው ሴሚናሩ ሲያልቅ አለኝ። ሴሚናሩ መቼ ያልቃል ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ጠርሙሱን በሽቦ መስኮቱ በኩል እያየሁት ነው ይህን የምንነጋገረው። በመጨረሻ ገበያ ዳር ያሉ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸው ወርቅ የሚፈትኑበት እሱኑ እንደሆነ አውቃለሁና።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ለምርመራ ነው።»

«ሐኪም ቤት ወርቅ መመርመር ጀመረ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ግን ቀዱልኝ፤ ጠርሙሱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው «ቢስሚላህ ብለሽ ያዥው፣ እንዳይነካሽ» ብለው ሰጡኝ።

ነክቶኛል። አሲዱ ሲፈላ ቡናማ ጭስ ያወጣል፤ ያን ጭስ የሚስብ መሣሪያ ስለሌለን ከላቦራቶሪው ጀርባ ሜዳ ላይ የላምባ ምድጃ አስቀምጬ ነው የምሠራው። የጽዳት ሠራተኞቹ ሽታው ወደ ልብስ ማስጫው መጣ ብለው ተቆጡ። ቦታ ቀየርኩ፤ ነፋሱም አቅጣጫ ቀየረ። ጣቶቼ ቢጫ ሆኑ። ጎረቤቴ አይታ «ሂና ተቀባሽ? ለማን ሠርግ ነው?» አለችኝ። በዚያ ላይ የሠራተኞች የውይይት ክበብ ቀን ነበር፤ የፈላውን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። በማግሥቱ ከስብሰባ ቀርተሻል ተብዬ ስለ ድርጅታዊ ዲሲፕሊን ረዘም ያለ ምክር ሰማሁ።

ጉዳዩን የያዘው ሃምሳ አለቃ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይላል። በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ «ጓዲት፣ እስካሁን?» ይላል። ሌላ ቃል አልነበረውም። አንድ ቀን እኔም በተራዬ አዘዝኩት።

«የኩሬውን ውሃ እፈልጋለሁ። አጥንቱ ውስጥ የሚገኘውን ከኩሬው ጋር ማስተያየት አለብን።»

አንድ ፖሊስ ተላከ። ሰውዬው ከሊሙ ተመልሶ በንጹሕ ጠርሙስ ኩልል ያለ ውሃ አመጣልኝ። ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። እንባ የመሰለ ውሃ ነው።

«ይህ ከኩሬው ነው?»

«ኩሬውማ ቆሻሻ ነው። ለሐኪም ቤት ነው ሲሉኝ አፍሬ ከምንጩ ቀዳሁ።»

ለመጮህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሰውዬው በቅንነት ነው ያደረገው፤ ጠርሙሱንም ሦስቴ አጥቤዋለሁ እያለ ይነግረኛል።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ሐኪሙ ወደ ሊሙ የሚሄድ የቡና ሥራ ፒክአፕ ለምኖ ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ አገኘልኝ። የለቀማው ወቅት ስለነበር መንገዱ በሙሉ ሰውና ጆንያ ነው። ጣቢያው ስደርስ ያ ዘበኛ አልነበረም፤ ወደ ዘመድ ሄዷል አሉኝ። ኩሬውን ያሳየችኝ የሟቹ እህት ናት፤ የታሳሪው ሚስት ማለት ነው። ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ ልጅ አዝላ መጣች። የኩሬው ጠርዝ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ድንጋዩን አረንጓዴው ለብሶታል። ጎንበስ ብዬ ልቀዳ ስል አዳለጠኝና ክርኔን ያዘችኝ። አጥር የለውም፣ መያዣ የለውም።

ውሃውን ስቀዳ ቆማ ታየኛለች። ከዚያ ተሰባብሮ በሚያምር አማርኛዋ «እህቴ፣ እኔ ለማን ልቅሶ ልቀመጥ?» አለችኝ። «ለወንድሜ ሳለቅስ ሴቶቹ ያዩኛል። ባልሽ ነው የገደለው፣ ምን ታለቅሻለሽ የሚሉኝ ይመስለኛል። ለባሌ ሳለቅስ አባቴ ያየኛል።»

«አባትሽ ምን ይላሉ?»

«አባቴ አይናገርም። ከእኛ ቤት ግን አይበላም።»

ይጣራል፣ ይታወቃል አልኳት። ስለው ለራሴም ቢሮ ቢሮ ሸተተኝ።

ስመለስ የቡ ከተማ ኬላ ላይ አስቆሙን። ያን ጊዜ ቡና በግል ይዞ ማለፍ ወንጀል ነበርና ኬላ ጠባቂው መኪናውን ከላይ እስከ ታች በረበረ። ቀጥሎ ጭኔ ላይ የያዝኩትን ጠርሙስ አየ።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው።»

«ከየት?»

«ከሊሙ።»

«ውሃ ከሊሙ ወደ ጅማ ምን ያደርጋል? ጅማ ውሃ የለም?»

የሐኪም ቤት ነው አልኩት። መታወቂያዬን አሳየሁት። ቡሹን ነቅሎ አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ። ይህ የተበላሸ ነው፣ ሌላ ቅጂ ብሎ ሊደፋው አዘነበለ። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። የመንግሥት ሠራተኛ እጅ ያዝሽ ተብሎ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ። ሹፌሩ ወርዶ በኦሮምኛ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ሰውዬው ጠርሙሱን መለሰልኝና «ጠጪው» ብሎ አሳለፈን።

የመጀመሪያውን ስላይድ ያየሁ ዕለት ግን ያ ሁሉ ድካም ከላዬ ወረደ። የኩሬው ውሃ ውስጥ ነበሩ፦ ታንኳ የመሰሉ፣ መርፌ የመሰሉ፣ ጎናቸው በቀጫጭን መስመር የተሰመረ፣ ብርሃን ሲያልፍባቸው የሚያበሩ። ወርቅ ሠሪው ቢያዩአቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭኑ ነበር ብዬ አሰብኩ። የአጥንቱን ስላይድ አስገባሁ። እሱም ውስጥ ቅርፊት ነበረ። ብዙ ነበረ። ሮጬ ሐኪሙን ጠራሁት።

ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ደስታ ፊቱ ላይ አልነበረም።

«ባዶውን ሠርተሻል?»

ባዶው የሚለው ሁሉንም ነገር እንደዚያው፣ ግን ያለ አጥንት መሥራትን ነው። ያው አሲድ፣ ያው ቱቦ፣ ያው የማጠቢያ ውሃ። ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት። እኔ ደግሞ በልመና የመጣ አሲድ በባዶ ቱቦ ላይ ማባከን አልፈለግሁም ነበር።

«ዓይንህ እያየ ባዶው ምን ያደርግልሃል?»

«ሥሪው» አለ በዚያ በሚያናድደው እርጋታው።

ሠራሁት። ባዶው ባዶ አልነበረም። ክብ ክብ ቅርፊት፣ ስብርባሪ፣ ወንፊት የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። ስላይዱን ቀየርኩ። ያው ነው። ቱቦውን ቀየርኩ። ያው ነው። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ።

ሐኪሙ የምንጠቀምበት ውሃ ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ። ዲስቲልድ ውሃ የሚያወጣው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጠጋኙ ዕቃ ይምጣ ይላል፣ ዕቃው የት እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥግ ላይ ካለችው ሁለት ድርብ የብረት ማጣሪያ፣ ሁላችንም የመጠጥ ውሃ ከምንቀዳባት ነው የምቀዳው። ከዚያ በላይ ንጹሕ ውሃ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ ውስጧ ያለውን፣ ውሃው የሚያልፍበትን ነጭ የማጣሪያ ሻማ አወጣ። በምላጭ ፋቅ አደረገው። ዱቄቱን ስላይድ ላይ በተነውና እይ አለኝ።

ሻማው ራሱ ቅርፊት ነው። ሙሉ በሙሉ።

«ድሮ ሐይቅ በነበረ ቦታ አልጌዎቹ እየሞቱ ቅርፊታቸው ከታች ይከመራል» አለ። «ዘመን አልፎ ሐይቁ ሲደርቅ ነጭ አፈር ይሆናል። መሐንዲሶች ያን አፈር ቆፍረው፣ ጠፍጥፈው፣ እንደ ሸክላ ይተኩሱታል። ቀዳዳዎቹ ከመጥበባቸው የተነሳ ጀርም አያሳልፉም። ፋብሪካዎችም ዘይትና ቢራ የሚያጣሩት በሱ ነው። እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ።»

«ታዲያ ከአጥንቱ ያገኘነውስ?»

«የትኛው ከአጥንቱ፣ የትኛው ከማጣሪያው እንደመጣ ማን ይምላል? ዳኛ ፊት ይዤው አልቀርብም።»

ለአንድ ሰው ነፍስ የምንፈልገው ምስክርና የምንጠጣውን ውሃ የሚያጣራልን ነገር አንድ ዓይነት ፍጡር መሆኑ ዛሬ ሳወራው ይገርመኛል። ያን ቀን ግን ምንም አልገረመኝም። ማጣሪያዋን ከነሻማዋ አንስቼ በመስኮት ብወረውራት ደስ ባለኝ። ሃምሳ አለቃው በማግሥቱ «ጓዲት፣ እስካሁን?» ሲል «እስካሁን» አልኩትና ፊቴን አዞርኩ።

የሟቹ አባት የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሸንቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሊሙ በጭነት መኪና መጥተው ልብሳቸው አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡኝ፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ደህና ዋልሽ፣ አከም ጅርታ፣ ሦስቱንም። አስገብቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ከልጄ የወሰዳችሁትን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ዶክተሩ ሥራችንን ስንጨርስ እመልስልዎታለሁ ብሎኛል። መቃብሩ ገና አፈሩ አልደረቀም። ከሱ ጋር ላድርገው።»

ይህን ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ሐኪሙ ቃል መግባቱን፣ የሚመለስ ነገር መሆኑን፣ ምንም። ቢነግረኝ ኖሮ ቢያንስ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር። አሁን ያ እርጋታው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፤ እሱ ቀዶ ጥገና ላይ ነው፣ እኔ ከሽማግሌው ፊት።

«አባባ፣ ግማሹ የለም» አልኳቸው።

«የለም ማለት?»

«ምርመራው በአሲድ ነው። አሲዱ ያቀልጠዋል። የሚመለስ አይተርፍም።»

ጣቶቼን አዩ። ቢጫው አልለቀቀም ነበር። የገባቸው ይመስለኛል።

«ምን አገኛችሁበት?»

መዋሸት እችል ነበር። ሐኪሙን ይጠይቁ ማለትም እችል ነበር። «ምንም» አልኩ። «ውሃችን ንጹሕ አልነበረም። የሠራነው ተበላሸ። እንደገና ለመሥራት የቀረውን ግማሽ ያስፈልገናል። የቀረው ደግሞ የርስዎ ነው።»

ተነስተው ወጡ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳይ ከቧንቧው ውሃ ቀድተው ውዱእ እያደረጉ ነው። ዛፉ ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ሰገዱ። ጨርሰውም እዚያው ተቀምጠው ቆዩ። እኔ ሥራዬን መሥራት አቅቶኝ የደም ናሙናዎቹን ከዚህ ወደዚያ አመላልሳለሁ። ሲመለሱ አልተቀመጡም።

«ልጄ ሞቷል። አላህ ይማረው። እሱን አፈር ይዞታል» አሉኝ። «ሴት ልጄ ግን በሕይወት አለች። ባሏ ነው የገደለው ይላሉ። አልገደለም የሚሉም አሉ። እኔ ቤቱ ገብቼ እንጀራው ላይ እጄን መዘርጋት አልቻልኩም፤ ከቤቱ መቅረትም አልቻልኩም፣ የልጅ ልጆቼ አሉ። ዳኛው ሳይሆን እኔ ነኝ ማወቅ የምፈልገው። ያ የቀረው ይህን ይነግረኛል ወይ?»

«የገፋው ሰው እንዳለ አይነግረንም፣ አባባ። ኩሬው ውስጥ ሲገባ ይተነፍስ እንደነበር ግን ይነግረናል። ዘበኛው ያለው ሬሳ ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኤዬ። ውሰጂው። ግን ትንሽ አስቀሪልኝ። የጥፍር ታህል።»

«አስቀራለሁ።»

«በእጅሽ አስቀሪ። ለሌላ ሰው አትስጪ።»

ከሄዱ በኋላ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና በሕይወቴ ለአለቃ ተናግሬ የማላውቀውን ተናገርኩት። ቃል የምትገባ ከሆነ ቃልህን የሚፈጽመው ሰው ይወቀው አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ልክ ነሽ አለ። ለመጣላት ተዘጋጅቶ ለሄደ ሰው ከዚህ የባሰ መልስ የለም።

አሁን ንጹሕ ውሃ ማግኘት ነው። ሐኪሙ መርፌ የሚበጠበጥበትን፣ በትንንሽ የመስታወት አምፑል ታሽጎ የሚመጣውን ውሃ አሰበ። ፋርማሲው አለው። ፋርማሲስቱ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ለፔኒሲሊን ነው የሚሰጠው» አለኝ። «ያለ ማዘዣ አላወጣም።»

ሐኪሙ ማዘዣ ጻፈ። ፋርማሲስቱ አነበበና «የበሽተኛው ካርድ?» አለ።

«በሽተኛ የለም። ሟች ነው።»

«ለሟች መርፌ አይታዘዝም።»

«መርፌ አይደለም፣ ውሃው ብቻ ነው።»

«ውሃው ከመርፌው ጋር ነው የሚወጣው።»

እንዲህ እየተባባልን የምሳ ሰዓት ደረሰና መስኮቱን ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ሄዶ ምን እንዳለው አልነገረኝም። አንድ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። አምፑሎቹን አንድ በአንድ እየሰበርን፣ ቱቦውንም ስላይዱንም በዚያ ውሃ አጠብን። ማጣሪያዋን ከክፍሉ አውጥቼ ነርሶቹ ጋ አስቀመጥኳት። ወርቅ ሠሪው ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩኝ «ወርቁ በዛ» አሉና አሁንም ቀዱልኝ።

በዚህ ጊዜ ባዶውን አስቀድሜ ሠራሁ። ዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። ምንም የለም። ሐኪሙም አየ። ንጹሕ ነው። ያኔ ነው ብልቃጡን ያወጣሁት። ከቁራጩ ጫፍ ጥፍር የምታህል በመጋዝ ቆርጬ በፋሻ ጠቀለልኳትና በመሳቢያዬ ቆለፍኩባት። የቀረውን አሲዱ ውስጥ አስገባሁ።

ፀሐይ ስላልነበረች አምፖሉ እንዳይቃጠል እየጸለይኩ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ብቻ ነበር የማየው። ስላይዱን ቀስ እያልኩ ገፋሁ። ከዚያ አንድ ታንኳ አየሁ፤ ጎኑ በቀጫጭን መስመር የተሰመረ። ወረድ ስል ሌላ። ብዙ አልነበሩም። የነበሩት ግን የኩሬው ናቸው። ለሐኪሙ ወንበሩን ለቀቅኩለት። አይቶ፣ የኩሬውን ስላይድ አይቶ፣ ደግሞ የአጥንቱን አይቶ፣ «ይተነፍስ ነበር» አለ።

የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ጠራንና ሁለታችንም ሄድን።

«ይህ ማለት ማንም አልገፋውም ማለት ነው?» አለ።

«አይደለም» አለ ሐኪሙ። «በሕይወቱ ነው ውሃ የገባው ማለት ነው።»

«እንግዲያው ተገፍቶ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ሞቶ ግን ማንም አልተሸከመውም።»

«አልጌ ነው ይህን የሚለው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ፈገግ ብሏል። «ጓዲት፣ አልጌ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል?»

«ዘበኛውን እንደገና ይጠይቁት» አልኩት። «አልጌው ቦታውን ለቆ ዘመድ ጥየቃ አልሄደም።»

ሐኪሙ እግሬን በጫማው ነካ አደረገኝ። ግን ዘበኛው ተጠራ። መጀመሪያ ያየሁት ሬሳ ነበር አለ። ከዚያ ሬሳ የመሰለ ነገር። ከዚያ ጆንያ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ያን ምሽት ጣቢያው ውስጥ እንኳ እንዳልነበረ አመነ። ጠዋት ሬሳው ሲገኝ ዘበኛው የት ነበር እንዳይባል ሰፈሩ የሚያወራውን ተቀብሎ አየሁ አለ። ሟቹ በዚያ መንገድ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁልጊዜ ከኩሬው ዳር ጎንበስ ብሎ እግሩን እንደሚታጠብ ከዚያ በኋላ ነው የተነገረው። የሚያውቁት ነበሩ። የጠየቃቸው አልነበረም።

አማችየው ግን ወዲያው አልተፈታም። የሚፈታበት ወረቀት ፊርማ ይጠብቃል፣ ፈራሚው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሯል፣ ተተኪው ጉዳዩን አላውቀውም ይላል። የቡና ለቀማው አልቆ አበባው ወጣ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ በላቦራቶሪው በኩል እያለፈች ሰላም ትለኛለች፤ ስለ ባሏ እንዳልጠይቃት ግን ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች። ሃምሳ አለቃው ሲያገኘኝ አሁን እኔ ነኝ «እስካሁን?» የምለው።

አባትየው ጥፍር የምታህለዋን ቁራጭ ሊወስዱ መጡ። ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከኪሳቸው አዲስ ነጭ ጨርቅ አውጥተው ጠቀለሏት። ውጤቱን ሐኪሙ ቀደም ብሎ ነግሯቸው ስለነበር ስለሱ አላነሱም። «ገለቶሚ፣ ልጄ። አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። በሩ ላይ ደርሰው ቆም አሉና «ይተነፍስ ነበር ብሎኛል» አሉ። «ያን ጊዜ ይጣራ ነበር ማለት ነው። የሰማው ሰው አልነበረም።» መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንደክም ይህ አንድም ቀን ወደ አእምሮዬ አልመጣም ነበር።

ዓመት ካለፈ በኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሰኮሩ ላይ ለቁርስ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ የምትቀዳው የሟቹ እህት ናት። ወዲያው አወቀችኝ፤ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ሳመችኝ። ሊሙ ውስጥ አሁንም ነገሩን የማይተው ሰው ስላለ ለቅቀው መምጣታቸውን ነገረችኝ። ባሏ ከጓሮ እንጨት ይዞ ገባ። ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ማን እንደሆንኩ አልነገረችውም። «ስለዚያ ሲነሳ አይወድም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባቴ ባለፈው ጁምዓ መጥቶ ነበር። ሁለት ቀን አደረ። ከባሌ ጋር አንድ ትሪ ቀረቡ።»

ሰውዬው ሻዬን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና ስኳር ጥቂት ስለሆነ ይቅርታ አለኝ። ስኳር ያን ጊዜ የትም ጥቂት ነበር። ግድ የለም አልኩት። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ገና ተቀምጠን ሳንደላደል ነው። ሻዩ ያቃጥላል። ነጂዎች ሰው ምላስ እንዳለው የሚያውቁ አይመስለኝም። ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።